የእትዬ ሐዋ እንግሊዝኛ

ልጅ እያለሁ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከጆንያና ከጣውላ ሳጥን ላይ ነው። የመርካቶ ልጅ ይህን ስል ወዲያው ይገባዋል። ከአሰብ የመጣ ጭነት ሰባተኛ ላይ ሲራገፍ በየሳጥኑ ጎን በጥቁር ቀለም የተመታ ጽሑፍ ነበረው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን በብብታችን ይዘን ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምን እናነበዋለን። "ኪፕ ድራይ" ማለት "እንዳይርስ" ማለት መሆኑን ያወቅነው፣ ሰማዩ ሲጠቁር ኩሊዎቹ የትኛውን ሳጥን አስቀድመው ወደ መጋዘን እንደሚያስገቡ አይተን ነው። "ፍራጃይል"ን ደግሞ ያወቅነው አንድ ኩሊ የብርጭቆ ሳጥን ከትከሻው አምልጦት፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ ሲቀመጥ ነው። በኋላ እኔው አስተማሪ ሆኜ ትርጉሙ "ተሰባሪ" ነው እያልኩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ የሚታየኝ ያ ሰው ነበር።

ሰዎች የድሮ መርካቶን ሲያወሩ ጨዋታውንና ግርግሩን ያነሳሉ። ብይ የተጫወቱበትን፣ ሲኒማ ራስ ደጃፍ ተሰልፈው የተጋፉበትን። እኔም ተጋፍቻለሁ፤ አልክድም። ግን መርካቶ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሰኔ ጭቃ ነው። የረጠበ ጆንያ ሽታ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከበርበሬ ተራ በኩል ነፋስ ይዞት የሚመጣ የሚያስነጥስ አየር፣ ከላይ ደግሞ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ። ግቢያችን ከሰባተኛ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። አባባ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ የስፌት መኪናቸውን መንገድ ዳር ባለው በረንዳ ላይ አቁመው ይውሉ ነበር። እኛ ከበረንዳው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበርን፤ መብራት ግን አልነበረንም።

መብራት የነበራቸው እትዬ ሐዋ ናቸው። ቤታቸው ከግቢው በር አጠገብ ነበር። ድርና ማግ ይሸጡ ስለነበር፣ ሸማኔዎች የፈትሉን ቅጥነት አይተው እንዲገዙ የግቢውን ባለቤት ለምነው አንድ አምፖል አስገብተዋል። እትዬ ሐዋ የወሎ ሰው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ አንድ ልጃቸውን አዝለው ከደሴ ማዶ መጡ ይባላል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጠላቸው ላይ ሁልጊዜ የጥጥ ብናኝ የማይጠፋ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ እኔና ብርሃኔ ደብተራችንን ይዘን እዚያ አምፖል ስር እንቀመጣለን፤ እሳቸው ጥግ ላይ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ብርሃኔ የክፍሌ ልጅ ነው፤ ቤታቸው ከግቢያችን ቀጥሎ ነበር፣ አባቱ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ ይቀጠቅጡ ነበር። ከኔ ይልቅ ጎበዝ፣ ከኔ ይልቅ ለፍላፊ ነበር።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርን፤ የሚኒስትሪ ፈተና ሰኔ ላይ ይጠብቀናል። አባባ ነገሩን አሳጥረው ነግረውኛል። "ካለፍሽ ትቀጥያለሽ፣ ከወደቅሽ እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክያለሽ።" ቁልፍ መትከል እጠላ ነበር። እንግሊዝኛው ደግሞ ከብዶኛል፤ በተለይ ሌላ ሰው የተናገረውን መልሶ መናገር። እሱ "እመጣለሁ" ያለውን አንቺ ስታወሪው "እንደሚመጣ ተናገረ" ብለሽ ግሡን ሁሉ ወደ ኋላ መግፋት። ህንዱ አስተማሪያችን ይህን ለማስተማር ሦስት ሦስት አድርገው ያቆሙን ነበር። አንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ይናገራል፤ ሁለተኛው እንዳልሰማ ሆኖ "ዋት ዲድ ሂ ሴይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ማለትም "ምን አለ?"፤ ሦስተኛው ለጠያቂው ያስተላልፋል። "ቤታችሁም ሄዳችሁ እንዲሁ ተለማመዱ፤ ሦስት ካልሆናችሁ አይሆንም" ይሉ ነበር በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛቸው።

እኛ ሁለት ነን። ጠያቂ አጣን። መጀመሪያ ብርሃኔ ራሱ ተናግሮ ራሱ ይጠይቅ ነበር፤ ሳቅ እየመጣብን አልሆነልንም። አንድ ማታ እትዬ ሐዋ ከጥጋቸው ሆነው፣ "እናንተ ልጆች፣ የጎደላችሁ ምንድን ነው?" አሉ። ብርሃኔ አስረዳቸው። እንዝርቱን አቆሙና፣ "እኔስ አልጠይቅም? ምን በይ ነው የምትሉኝ?" አሉ።

አንዲቷን ዓረፍተ ነገር ማስተማር ብዙ ማታ ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ግን ያዟት፤ ሲይዟት ደግሞ በአንድ ትንፋሽ እንደ አንድ ቃል አድርገው ነበር የሚሏት፦ "ዋትዲድሂሴይ!" ከዚያ ወዲያ የሚያቆማቸው ጠፋ። ቅቤ ሻጯ ዋጋ ስትጠራባቸው "ዋትዲድሂሴይ!" ይሏታል። ኩሊ በራቸው ላይ "ዞር በሉ፣ ዞር በሉ!" ሲል "ዋትዲድሂሴይ!" ይሉታል። የመናዊው ባለሱቅ በዓረብኛ ሲመልስላቸው፣ "አያችሁት? ሰውየው ፈተናውን ወደቀ" ብለው ሲስቁ ትዝ ይለኛል። ብዙ የሚስቁ ሰው አልነበሩም፤ ለዚህ ይሆናል ያ ሳቅ ያልጠፋብኝ።

ልጃቸው ሰኢድ ነው። ያኔ አሰብ በሚመላለስ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። ሲመጣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ዓይኑ በአቧራና በእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ፣ ኪሱ ውስጥ ለኔና ለብርሃኔ ተምር ይዞ። አንድ ቀን አድሮ ይሄዳል። በመሃሉ ባሉት ሳምንቶች እናቱ ድምፁን የሚሰሙት በሌላ ሰው አፍ ነው። ከአሰብ የገባ ሾፌር ሁሉ በግቢያችን በር አንገቱን አስግጎ፣ "እትዬ ሐዋ፣ ሰኢድ ደህና ነው፤ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል!" ብሎ ያልፋል። በተለይ የመንደራቸው ሰው የሆኑት ሾፌሩ ጋሼ ይመር፣ ጭነት ሳያራግፉ እንኳ መጀመሪያ እትዬ ሐዋ ጋ ነበር የሚመጡት።

እትዬ ሐዋ "ደህና ነው ብሏል" በሚለው ብቻ አይረኩም። ሾፌሩን አስቁመው ይመረምሩታል። "እንዴት ብሎ ነው ያለው? እየሳቀ ነው? ቆሞ ነው ተቀምጦ? 'ኢንሻአላህ' ብሏል ወይስ ዝም ብሎ 'እመጣለሁ' ነው ያለው?" ሾፌሩ ግራ እየገባው ይመልሳል። የልጃቸውን ቃል በሰው አፍ ሲቀበሉ የኖሩ ሴት ናቸውና እኛ አሁን የምንማረውን ነገር እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲለማመዱት ኖረዋል። ስለዚህ ጠያቂያችን ከሆኑ በኋላ፣ "የጆንያውን ወሬ ተዉት፤ የሰኢድን አድርጉት" አሉን። እኛም አደረግነው። ብርሃኔ በጆሮዬ የሰኢድን መልእክት ይነግረኛል፤ እትዬ ሐዋ "ዋትዲድሂሴይ!" ይላሉ፤ እኔ፣ "ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ ከም ኦን ሳተርዴይ" እላለሁ። ቅዳሜ እንደሚመጣ ተናገረ። ከመደጋገሙ የተነሳ "ዉድ ከም" የሚለው ድምፅ ከአፌ ሲወጣ፣ ገና ሳልተረጉምላቸው ፊታቸው ይፈታ ነበር።

ሰኔ ገባ። ሰኢድ እመጣለሁ ያለበት ቅዳሜ አለፈ። "ጭቃ ነው፤ መንገዱ ተቆርጦ ይሆናል" አሉ እትዬ ሐዋ። ቀጥሎ እሑድ፣ ሰኞ። ከአሰብ የገቡ መኪናዎች አብነት በኩል ቆመው አይተናል፤ ግቢያችን ግን አንገቱን ያስገባ ሾፌር አልነበረም። እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ፤ ፈትሉ ሲበጠስባቸው ሰማሁ። የእትዬ ሐዋ ፈትል የሚበጠስ ፈትል አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጋሼ ይመር በረንዳችን ላይ ከአባባ የስፌት መኪና አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። የአባባ እግር መርገጫው ላይ ነበር፤ መኪናው ግን አይሠራም። አባባ መኪናቸውን ለንጉሥም ቢሆን አቁመው የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ከኋላቸው ቆሜ ሰማሁ።

"ጣርማበር ላይ ነው። ጉም ነበር፤ ገደሉን አላዩትም። ሾፌሩ ተርፏል። ሰኢድ…" አሉ ጋሼ ይመር፤ ቀጥሎ ያለውን ራሳቸውን በመነቅነቅ ነው የጨረሱት። "ሸዋሮቢት አውርደን ቀበርነው። እኔ እሳቸው ፊት መቆም አልቻልኩም፣ ጌታዬ። እባክዎ እናንተ አንድ ነገር አድርጉ።"

አባባ ዞር ሲሉ አዩኝ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ጣታቸው ላይ መርፌ የሚገፉበት የብረት ቆብ ነበር፤ ያንን ጣት አፋቸው ላይ አደረጉ። "ሰምተሻል?" አሉኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። "እንግዲያው አልሰማሽም። ነገ በጠዋት፣ ከስግደታቸው በኋላ ሼህ ኡመርና የግቢው ሰዎች ሆነን ገብተን እንነግራቸዋለን። እስከዚያ እንደ ወትሮሽ ሁኚ። ማታም ሄደሽ አጥኚ፤ ከቀረሽ ይጠረጥራሉ።"

የሞት ወሬ ያኔ እንዴት እንደሚያዝ የኔ ዘመን ሰው ያውቃል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ባለቤቱ ብቻ አይሰማም። ትልልቅ ሰዎች ይመካከራሉ፣ ሌሊቱን በሰላም ይደር ተብሎ ይታለፋል፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ያን ቀን እናቴ ጓዳ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለነገው ዳቦ ታሰናዳ ነበር፤ እንባዋን በቀሚሷ እጅጌ ትጠርጋለች፣ መልሳ ታቦካለች። ልጅ መሆን አስጠላኝ። ለማልቀስ አልተፈቀደልኝም፣ ለመቅረትም አልተፈቀደልኝም። ጋሼ ይመር ደግሞ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ በእትዬ ሐዋ በር እንዳያልፉ ዞረው በወዲያኛው መንገድ ሄዱ።

ግን እትዬ ሐዋ አይተዋቸዋል። በራቸው ላይ ለተቀመጠ ሰው በረንዳችን ፊት ለፊት ይታያል።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ አምፖሉ በራ። ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ብርሃኔ ምንም አያውቅም ነበር፤ ከኔ ቀድሞ ገብቶ ስለ ፈተናው፣ ስለ ዝናቡ፣ መንገድ ላይ ስለወደቀች አህያ ይለፈልፋል። እትዬ ሐዋ ጥግ ላይ እንዝርቱን ይዘዋል፤ እንዝርቱ ግን አይሾርም። "ደህና አመሸሽ አልማዜ" አሉኝ። ደህና አመሹ አልኩ። ደብተሬን ገለጥኩ።

ብርሃኔ እንደ ልማዱ በጆሮዬ ሊነግረኝ ጎንበስ አለ። ገና አፉን ሳይከፍት እትዬ ሐዋ ጠየቁ። በአንድ ትንፋሽ አልነበረም። ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው፣ "ዋት… ዲድ… ሂ… ሴይ?" አሉ።

ብርሃኔ ሳቀ። "እትዬ፣ እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም!"

እሳቸው ወደ ብርሃኔ አላዩም። የሚያዩት እኔን ነበር። የማንን ቃል እንደጠየቁኝ ገባኝ፤ የጋሼ ይመርን ነበር። ለምን በእንግሊዝኛ እንደጠየቁኝ ዕድሜዬን ሙሉ አስቤበታለሁ። በአማርኛ ቢጠይቁኝ ከባድ ነገር ላይ ሊጥሉኝ ነው፤ ወይ የአባቴን ቃል አፈርሳለሁ፣ ወይ ዓይናቸውን እያየሁ እዋሻለሁ። በእንግሊዝኛ ግን ልምምድ ነው። መልሱ ደግሞ የለመዱት መልስ ሊሆን ይችላል። ምናልባት እሱን እንድላቸው ፈልገው ይሆናል፤ ያን የሚያውቁትን ድምፅ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጨምረው ሊሰሙት።

እኔም ያንን ልላቸው ጀመርኩ። ሌላ የማውቀው አልነበረም። "ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ…" አልኩና ቆምኩ። "ከም" አልወጣልኝም። እትዬ ሐዋ ጠበቁኝ። አስተማሪያችን እንደሚጠብቁኝ ሳይቆጡ፣ ሳይገፋፉኝ ጠበቁኝ። ብርሃኔ "ረሳሽው እንዴ? ሁልጊዜ የምትዪው እኮ ነው!" አለኝ።

እትዬ ሐዋ ጣታቸው ላይ የቀረውን ፈትል እስከ መጨረሻው በእንዝርቱ ላይ ጠቀለሉት። ጫፉን አሰሩት። እንዝርቱን ከጥጡ ጋር ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡና ክዳኑን ከደኑ። "ብርሃኔ፣ ሂድ እስቲ፤ እናትህ ሲጠሩህ የሰማሁ መሰለኝ" አሉ። ብርሃኔ ደብተሩን ራሱ ላይ አድርጎ በዝናቡ ውስጥ ሮጠ።

ሁለታችን ስንቀር አጠገቤ መጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። እጃቸው ይቀዘቅዝ ነበር። "አንቺ ምንም አላልሽኝም። ሰማሽኝ?" አሉ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"አባትሽም ቢጠይቁሽ፣ እናትሽም ብትጠይቅሽ ምንም አላልሽኝም። እኔም ምንም አልሰማሁም። ልጅ መርዶ ነገረች ከተባለ ሰው አይረሳልሽም፤ ልታገቢ ስትይ፣ ልትወልጂ ስትይ በዚሁ ያነሱሻል። የኔ ልጅ፣ ይህን አላሸክምሽም።" እጃቸውን ከፊቴ አወረዱ። "መቼ ነው የሚመጡት?"

"ነገ ጠዋት… ከስግደት በኋላ" አልኩ። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ፤ ነጠላው ጥጥ ጥጥ ይሸታል።

"ደግ" አሉ። "እስከ ጠዋት የኔ ነው። በይ ሂጂ፣ ፊትሽን ታጠቢና ግቢ።"

ጠዋት አባባ፣ ሼህ ኡመርና ሌሎች የግቢው ትልልቅ ሰዎች ሲሄዱ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተከተልኩ። ልጅ አይሄድም ነበር፤ ግን ማንም አላስተዋለኝም። ሼህ ኡመር በሩን ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ገርበብ ብሎ አገኙት። መቀርቀሪያው ወልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ክር አይታይም፤ ድሩም ማጉም ቅርጫቱም ተነስቶ በአንድ በኩል ተከምሯል። ያሉት ዱካዎች ሁሉ፣ አግዳሚው ወንበርም፣ የሸማኔዎች መቀመጫ የነበረው ሳጥንም ሳይቀር በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ያ ሳጥን "ኪፕ ድራይ" የሚል ነበረበት። እሳቸው መስገጃቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል።

ሰዎቹ በየወንበሩ ተቀመጡ። ሼህ ኡመር እንደሚደረገው ዙሪያ ጥምጥም ሄዱ። ስለ ጤናቸው ጠየቁ፤ የሰው ልጅ አላህ ሰጥቶት አላህ የሚወስደው አደራ መሆኑን ተናገሩ፤ ስለ ክረምቱና ስለ መንገዱ መክፋት አወሩ። እትዬ ሐዋ አንድም ቃል አላቋረጧቸውም። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሰኢድ የሚለው ስም ሲጠራ ብቻ፣ "የት?" ብለው ጠየቁ፤ ተነገራቸው። "ማን ቀበረው?" አሉ፤ ይመር ተባሉ። ከዚያ "ኢና ሊላሂ" ብለው ግንባራቸውን መስገጃው ላይ ደፉ።

ያ ለቅሶ እንደ አዲስ ነበር። አስመሰሉ እንዳልል፣ ማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ተይዞ የቆየ ለቅሶ ነው፤ የሚለቀቅበትን ሰዓት ሲጠብቅ ያደረ። ቀና ሲሉ በሰዎቹ መሃል አንድ ጊዜ አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ። ስንወጣ እናቴ፣ "ምስኪን፣ ወንበሩን ደርድራ፣ በሩን ከፍታ! ልቧ ነግሯት ነው" አለች። አባባም፣ "እናት ናት፤ ልቧ ይነግራታል" አሉ። ሁሉም እንዲሁ አሉ። ለዓመታት በግቢያችን ሲወራ የኖረው ይኸው ነው፣ የእትዬ ሐዋ ልብ። እኔ ዝም እላለሁ። የነገራቸው ልባቸው አልነበረም።

ፈተናውን አለፍኩ። ያ ያስጠላኝ ጥያቄ መጥቶ ነበር፤ "ሂ ሴድ ዛት ሂ ዉድ" ብዬ ስጽፍ "ከም" የምትለው ቃል ላይ እጄ ቆመብኝ፤ ፈታኙ ከኋላዬ መጥቶ እስኪቆም። ውጤቱ ሲመጣ አባባ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው መኪናቸውን አቆሙ፤ ያን ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ። እትዬ ሐዋ መርቀውኛል። ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር ዳግመኛ ከአፋቸው አልሰማናትም። አንድ ቀን ብርሃኔ ረስቶት፣ "እትዬ፣ ጠያቂ ይሁኑልን" ቢላቸው፣ "ረሳሁት፣ ልጄ" አሉት። ቅቤ ሻጯም፣ ኩሊውም፣ የመናዊውም ዝም ብለው ያልፏቸው ጀመር።

ቆይተው ድሩንና ማጉን ሸጠው ወደ አገራቸው ሄዱ። የሄዱት በጋሼ ይመር መኪና ነው፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው፣ ቅርጫታቸውን እግራቸው መሃል አድርገው። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ጣርማበርን እንዴት እንዳለፉት እያሰብኩ ሰነበትኩ። ጋሼ ይመር ሲመለሱ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አባባ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስለ ወሎ ሁላችንም የሰማነውን ሰማን። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስለ ረሃቡ አወራ፤ ስለ እትዬ ሐዋ ግን በግቢያችን በር አንገቱን አስግጎ "እንዲህ ብለዋል" ያለ አንድም ሰው አልመጣም። የሰውን ቃል እንደዚያ እየመረመሩ የተቀበሉ ሴት፣ የእሳቸው ቃል ግን የሚያደርሰው አጣ። ይህ እስካሁን ያናድደኛል፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። በየዓመቱ ያቺ ምዕራፍ ስትደርስ ልጆቹን ሦስት ሦስት አድርጌ አቆማለሁ፤ ህንዱ አስተማሪዬ እንዳደረጉት። ጠያቂው "ዋት ዲድ ሂ ሴይ?" ሲል ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ። ልጆቹ የምጽፍ ይመስላቸው ነበር።

የድሮው ይሻል ነበር ብዬ አልፎክርም። አንዲት እናት ብቻዋን ሳታውቅ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ ሲያመሽ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም፤ እኔ አይቼዋለሁ። ግን ወሬውን ሰው ይይዘው ነበር። ትልልቅ ሰዎች ተመካክረው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ገብተው ተቀምጠው፣ አብረው ሊያለቅሱ ተዘጋጅተው ነበር የሚናገሩት። አሁን ወሬው በስልክ ኪሳችን ውስጥ ይንጫጫል። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሽንኩርት እየገዛን፣ ደረጃ እየወጣን ይደርሰናል።

ብርሃኔ ባለፈው ክረምት ሞተ። ሐዋሳ ነበር የሚኖረው፤ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር። እኔ አብነት አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ የሳሙና ዋጋ እየጠየቅኩ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ናት። "እትዬ አልማዝ፣ አባዬ ትናንት አረፈ" አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ምን አለ?" አልኳት። ያ ለፍላፊ ልጅ አንድ ነገር ሳይል አይሄድም ብዬ ነው መሰለኝ። "ምንም አላለም፣ እትዬ፤ ተኝቶ ነው የቀረው" አለች። ባለሱቁ ሳሙናውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

ቤት ገባሁ። ገና አልመሸም። ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ገፋሁ፤ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አንስቼ በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኳቸው። የልጅ ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ፣ "እማማ፣ እንግዳ ይመጣል እንዴ?" አለችኝ። አይመጣም አልኳት። የሚያንኳኳ ሽማግሌ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ለእትዬ ሐዋ፣ ሰኢድ እስከ ጠዋት የእሳቸው ነበር። እኔ ብርሃኔን አቅፌው የማድርበት አንድ ሌሊት እንኳ አልተሰጠኝም። በሩን ገርበብ አድርጌ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ።